ለገዳም መብራት ላሰባችሁ



ወደ ሀገር ቤት ሲመለሱ ላደጉበት ደብር ወይም ለሚሳለሙት ገዳም «ሶላር» ለማስገባት ያሰቡ ምእመናን በየበዓሉ ምክር ይጠይቁናል። ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ስንት ሰሌዳ ይበቃል? ጥቂቶች ደግሞ ነፋስንና ፀሐይን አጣምሮ ኃይል ስለሚሰጥ መሣሪያ ሰምተው፣ «የእኛ ገዳም ተራራ ላይ ነው፤ ነፋሱም አያርፍም፤ ሁለቱን ብናደርግለት አይሻልም ወይ?» ይላሉ። አሳቡ የተቀደሰ ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ጣሪያ ላይ እንዳማረበት ተቀምጦ፣ ባትሪው ከሞተ ዓመት ያለፈው ገዳም ብርቅ አይደለም። ገንዘቡ የምእመናን ነው፤ በዐረብ ሀገር በቤት ሠራተኝነት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በሌሊት ሥራ የተገኘ ነው። መነኮሳቱም አንዴ ከኩራዝ ወደ አምፖል ከተሻገሩ በኋላ ወደ ኩራዙ መመለሱ ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ከአሮጌው ከተማ በያፎ በር ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትመለከቱ፣ በሸለቆው ማዶ ክንፍ ያለው የድንጋይ ማማ ይታያችኋል። ብዙ ተሳላሚ ፎቶግራፍ ይነሣበታል እንጂ ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ሰር ሞሰስ ሞንተፊዮሬ የተባሉ እንግሊዛዊ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1857 ያሠሩት የእህል ወፍጮ ነው፤ በነፋስ ይፈጭ ነበር። መሣሪያው ተሠርቶ የመጣው ከእንግሊዝ ሀገር ከካንተርበሪ ነው። ሁለት ዐሥርት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሥራውን አቆመ፤ ዳግመኛ ተጠግኖ ክንፉ የዞረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ለመቆሙ ከሚነገሩት ምክንያቶች መካከል የነፋሱ ማነስ፣ ለተሰበረው ክፍል ምትክ መጥፋቱ፣ በእንፋሎት የሚሠራ ወፍጮ መምጣቱ ይገኙበታል። ነፋስ ሳይለኩ መትከል፣ መለዋወጫ ሳያስቡ መግዛት፣ ርካሽ የሆነው ሌላ መንገድ እያለ አለማየት እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ዓይነቱን ስጦታ የሚያበላሹ ነገሮች ናቸው።

ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ፣ ቤተ ልሔምንና ኬብሮንን አልፎ ያለው ኮረብታማ ምድር ደግሞ የተሳካ ምሳሌ ይሰጠናል። በዚያ በዋሻና በድንኳን የሚኖሩ እረኞች አሉ፤ የኤሌክትሪክ መስመር በአጠገባቸው እያለፈ ለእነርሱ አይደርሳቸውም ነበር። ኤላድ ኦሪያንና ኖአም ዶታን የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን የፊዚክስ ሊቃውንት፣ እስራኤላውያንና ፍልስጥኤማውያን አብረው የሚሠሩበት «ኮሜት ኤም ኢ» የተሰኘ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አቋቁመው፣ ሱስያን በመሳሰሉ መንደሮች የነፋስ ተርባይንና የፀሐይ ሰሌዳ አጣምረው መትከል ያዙ። ተርባይኑን ከፋብሪካ አላስመጡትም። ሂው ፒጎት የተባለ ሰው፣ መኪና በማይገባበትና የመንግሥት መብራት በሌለበት በስኮትላንድ ስኮሬግ ልሳነ ምድር ሲኖር ያዘጋጀውን ንድፍ ተከትለው በአካባቢው ሠሩት። ክንፉ በእጅ ተጠርቦ ይወጣል፤ ኃይል አመንጪው የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ በሙጫ የሚጣበቅበት፣ ዙሪያውን ማግኔት የሚሽከረከርበት ነው። አንድ ብረት በያጅና አንድ አናጢ ካሉ የሚጠገን ዕቃ ነው ማለት ነው።

ለእነዚህ እረኞች መብራቱ ያመጣው ለውጥ አምፖል ብቻ አልነበረም። ሴቶቹ ወተቱን ከሌሊት ጀምረው በቆዳ ይንጡት የነበረውን በሞተር ናጡት፤ አይቡም በፍሪጅ ተቀምጦ ዋጋ እስኪያወጣ መቆየት ቻለ። ይህን የምንጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ኃይሉ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ላይ ስለ ዋለ፣ ባትሪ የሚለወጥበት ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ከመንደሩ ውስጥ መልስ ሊገኝለት ይችላል። ደግሞም ለየቤቱ የዕለት ድርሻውን የሚለካ ቆጣሪ ተተክሎለታል። አንዱ ቤት ከድርሻው አልፎ የሌላውን እንዳይወስድ መሣሪያው ራሱ ይዳኛል፤ ጎረቤት ከጎረቤት አይጣላም።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። እነዚህ መሣሪያዎች ያለ ፈቃድ ተተከሉ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 በበርካታዎቹ ላይ የማፍረሻ ትእዛዝ ወጥቶባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017ም በቤተ ልሔም አጠገብ ጁበት አል ዲብ በተባለች መንደር፣ ኔዘርላንድ በረዳችው ገንዘብ የተተከሉት ሰሌዳዎች በእስራኤል ሲቪል አስተዳደር ተወስደው ከወራት በኋላ ተመልሰዋል። ስለ ሀገሩ ክርክር መናገር የዚህ ዓምድ ሥራ አይደለም። ሆኖም በሰው መሬት ላይ ምሰሶ መትከል በየትኛውም ሀገር ሕግ አለው፤ በሀገራችንም ከገዳሙ ማኅበር፣ ከሀገረ ስብከቱና ከወረዳው ጋር በጽሑፍ ሳይስማሙ ዕቃ ጭኖ መሄድ ኋላ የሚያስጸጽት ችኮላ ነው።

በኬብሮን ኮረብቶች ነፋስና ፀሐይ የተስማሙበት ምክንያት በአየሩ ጠባይ ላይ ነው። በዚህ ሀገር ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይመጣል። ቀኑ ያጥራል፤ በታኅሣሥ የፀሐይ ብርሃን ዐሥር ሰዓት ብቻ ነው፤ ደመናውም ይከብዳል። ዝናቡን የሚያመጣው ዐውሎ ግን ነፋስ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሰሌዳው ሲደክም ተርባይኑ ይበረታል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰሌዳው ቀኑን ሁሉ ይሠራል፤ ከቀትር በኋላ ከታላቁ ባሕር የሚነሣው ነፋስ ወደ ኮረብታው ይደርሳል። በኢየሩሳሌም የምንኖር ሁላችን ይህን ነፋስ እናውቀዋለን፤ ቀን በሙቀት ስንጨነቅ ውለን ማታ ነጠላ የሚያስደርበን እርሱ ነው። ለመብራት ሲታሰብ የሚመጣበት ሰዓት መልካም ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሰውም አምፖል ሊያበራ ሲል ተርባይኑን ያዞረዋል።

አሁን ወደ ሀገራችን ደጋ እንሂድ። ፀሐይ የምትደክመው በክረምት ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም። በዚያ ወቅት ነፋሱ ይበረታልን? በብዙ የደጋ ስፍራ አይበረታም። ጠንካራው ነፋስ የበጋው ነው። በመቐለ አጠገብ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫም ሆነ የአዳማው ለሀገሪቱ የሚጠቅሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ በበጋ ግድቦች ውኃ ሲያጥራቸው ነፋሱ ይረዳቸዋል። ነፋስና ግድብ ይደጋገፋሉ። ነፋስና ፀሐይ ግን በደጋው ብዙ ጊዜ አብረው በርትተው አብረው ይደክማሉ። በኬብሮን ኮረብታ የሠራ ጥንድ በላስታ ወይም በመንዝ ተራራ እንደዚያው ይሠራል ብሎ መደምደም አይገባም። ሌሊት የሚነፍስ ነፋስ ያለበት ገዳም ካለ ጥንዱ ለባትሪው እፎይታ ይሆናል፤ ለክረምቱ ግን ዋስትና አይሆንም።

«ነፋሻ ነው» የሚለው ቃልም በራሱ አይበቃም። ተርባይን ከነፋስ የሚያገኘው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ክንፉ ሲዞር ሦስት ሜትር ስፋት የሚሸፍን ትንሽ ተርባይን ብንወስድ፣ በሰከንድ 10 ሜትር በሚሄድ ነፋስ አንድ ሺህ ዋት ገደማ ይሰጣል። ነፋሱ ወደ 5 ሜትር ሲወርድ የሚገኘው 130 ዋት ያህል ብቻ ነው። በ3 ሜትር ፊት ላይ ደስ የሚል ነፋስ ይሰማል፤ ተርባይኑ ግን ከ30 ዋት አያልፍም፤ ይህም አንድ ሁለት ስልክ ቢሞላ ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር የፊተኛው ነው። ገዳሙ አብዛኛውን ዓመት የሚኖረው ግን በኋለኞቹ ነው። ከዚህም ሌላ በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ኃይሉ ከባሕር ወለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል።

ቤተ ክርስቲያናችንም በደን መካከል ትቆማለች። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው የገዳሙ ጌጥም ግርማም ነው፤ በብዙ ሀገር የቀረው ጥንታዊ ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ያለው ብቻ ነው። ደን ግን ነፋስን ይሰብራል፤ በዛፍ አናት ላይ የሚዞረው ነፋስም የተተረማመሰ ስለሚሆን ክንፉን ያናጋዋል፤ መሣሪያውን ቶሎ ያስረጃል። ተርባይን በመቶ ሜትር ዙሪያ ካለው ዛፍና ጣሪያ ሁሉ ቢያንስ 10 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የሀያ ሜትር ዛፍ ባለበት ዐጸድ የሠላሳ ሜትር ምሰሶ ማቆም ማለት ነው፤ ያም ከተርባይኑ ይልቅ ምሰሶው ይወደዳል ማለት ነው። ሰሌዳውም ጥላ አይወድም። ከአንዱ ጥግ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ቢያርፍበት አብረው የተያያዙትን ሁሉ ሊያዳክም ይችላል። ለዚህ ሲባል ዛፍ ለመቁረጥ የሚያስቡ አሉ፤ እኛ አጥብቀን እንቃወማለን። ሰሌዳውን ከዐጸዱ ውጭ፣ በእንግዳ ማረፊያው ጣሪያ ወይም በእርሻው ዳር ተክሎ፣ ኃይሉን በገመድ ማምጣት ይቻላል። ገመዱ ረጅም ሲሆን ግን 12 ቮልት አይበቃም፤ ኃይሉ በመንገድ ይቀራል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ እንዲመጣ ባለሙያውን ንገሩት።

እንግዲህ ስንት ሰሌዳ ይበቃል? ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ከሰሌዳው በፊት የሚቆጠረው የገዳሙ ፍጆታ ነው፤ የገዳም ፍጆታ ደግሞ እንደ ሌላው ቤት አይደለም። ገበሬው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱን ያጠፋል። ገዳም ግን ለሰዓታቱና ለማኅሌቱ የሚነቃው ዓለም በተኛበት ሰዓት ነው፤ ኪዳንም የሚደርሰው ባትሪው ከሁሉ በደከመበት በንጋት ላይ ነው። ቀኑን ሁሉ የተጠራቀመው ኃይል ሌሊቱን ተሻግሮ እስከዚያ ሰዓት መድረስ አለበት።

ዐሥራ ሁለት መነኮሳት ያሉበትን ትንሽ ገዳም እናስብ። በየበዓቱ አንዳንድ ባለ 7 ዋት አምፖል ለአራት ሰዓት ቢበራ 336 ዋት ሰዓት ነው። በቤተ መቅደሱ ስድስት ባለ 10 ዋት አምፖሎች ለስድስት ሰዓት ሲበሩ 360 ይሆናል። የድምፅ ማጉያው 100 ዋት ቢስብና ሦስት ሰዓት ቢሠራ 300፤ ዐሥራ ሁለት ስልክ ለመሙላት 180፤ መድኃኒት የሚቀመጥበት ትንሽ ፍሪጅ በቀን 500 ያህል ይወስዳል። ሲደመር 1,676 ዋት ሰዓት ነው። በገመዱ፣ በኢንቨርተሩና በባትሪው ውስጥ የሚባክነውን አንድ አራተኛ ስንጨምርበት 2,100 ገደማ ይደርሳል። በደጋው ክረምት አንድ ሰሌዳ በቀን ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው ለአራት ሰዓት ያህል ነው ብለን ብናስብ፣ በስሌት 525 ዋት ይበቃል። አቧራውን፣ እርጅናውንና የከፋውን ሳምንት አስበን 800 ዋት እንበለው። ይህን የሚሰጡ ሁለት ትልልቅ ሰሌዳዎች ናቸው፤ ከሁለት የማይበልጡ!

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ነገሩ ቀላል መሰለው። ነገር ግን አንድ ደግ ሰው መጥቶ ለገዳሙ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢሰጥ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋገርበት ከላይ የቈጠርነውን የአንድ ቀን ተኩል ኃይል ይበላል። ውኃ ማፍያና ካውያም የዚሁ ወገን ናቸው። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ ለባትሪ ጠላቱ ነው። ስለዚህ እንጀራውም፣ በቤተ ልሔም የሚጋገረው ኅብስትም በማገዶ ወይም በሌላ መንገድ ይቀጥል፤ መብራቱ ለመብራት ይሁን። ይህን ለገዳሙ ማኅበር አስቀድሞ መንገር የሰጪው ፈንታ ነው፤ አለዚያ መጋቢው በየቀኑ ከልካይ ሆነው ሲጣሉ ይኖራሉ።

የዚህ ሁሉ ልብ ባትሪው ነው። የእርሳስና አሲድ የሆነው፣ ሁላችን በመኪና የምናውቀው ዓይነት፣ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይወድም። ደጋግሞ እስከ መጨረሻው የተሟጠጠ ባትሪ በወራት ይሞታል። በሥርዐት የተያዘው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። ላሰብነው ገዳም ሁለት ደመናማ ቀን የሚያሻግር 4,200 ዋት ሰዓት ቢያስፈልግ፣ ግማሹ ብቻ ስለሚነካ ባለ 200 አምፔር ሰዓት 12 ቮልት ባትሪ አራት ይገዛል። እያንዳንዱ ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል። እንደ ደብረ ዳሞ በገመድ በሚወጣበት አምባ ላይ ይህን ማሰብ ይገባል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከያዘው ከመቶው ሰማንያና ዘጠና እጅ ሊነካለት ይቻላል፤ ለዚህ ገዳም የሚበቃው ሁሉ ተደምሮ የአንዱን የእርሳስ ባትሪ ያህል እንኳ ላይከብድ ይችላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ጠባዩ አንድ ብቻ ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ መሞላት የለበትም። ውርጭ በሚጥልባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ከቤት ውስጥ ይቀመጥ። እኛ ገንዘቡ ከበቃ ይህንኛውን እንመርጣለን።

የእርሳሱን የገዛችሁ ግን አንድ ነገር አደራ። ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል። ዕቃ ቤት ሰፊና የሚቈለፍ ስለሆነ ባትሪ በዚያ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ጧፍ ይበራል፣ ለጽና የሚሆን ፍም ይነድዳል። ባትሪው የራሱ መስኮት ያለው ጠባብ ቤት ይሠራለት። በየወሩ የተጣራ የባትሪ ውኃ የሚጨምርለት፣ ጫፎቹን የሚጠርግ አንድ ረድእ በስም ይመደብ።

ተርባይን ከተተከለ የዚህ ረድእ ሥራ ይበዛል። ሰሌዳ ገመዱ ቢነቀል ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተርባይን ግን ነፋስ እየነፈሰ ከባትሪው ቢለያይ የሚይዘው ያጣና ከልኩ በላይ ይፈጥናል፤ ክንፉንም ሊሰብር ይችላል። ባትሪው ሲሞላ ትርፉን የሚቀበል፣ ውኃ የሚያሞቅ ማቃጠያ ያስፈልገዋል፤ ባትሪ ሊለወጥ ሲል አስቀድሞ ተርባይኑ መታሰር አለበት። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ምሰሶው ወርዶ ቅባት ይቀባል፣ ክንፉ ይታያል። ከፍ ባለ ቦታ የቆመ ምሰሶ መብረቅም ስለሚስብ ከመሬት ጋር የሚያያዝ ገመድ ግድ ነው። የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እጅግ ወድቋል። ስለዚህ የደከመውን ወቅት ለመሸፈን ሦስተኛና አራተኛ ሰሌዳ መጨመር ከተርባይኑ ይረክሳል፤ የሚሰበር ክፍልም የለውም። እኛ ለብዙዎቹ ገዳማት የምንመክረው ይህን ነው። ተርባይን የሚገባው ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ተለክቶ ለታየ፣ ዛፍ ለሌለበት ግልጥ አምባ፣ የሚያውቅ ሰውም በቅርብ ላለበት ነው።

ገዳሙ ከጉድጓድ ውኃ የሚስብ ከሆነ ደግሞ የተለየ በረከት አለው። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ ከ50 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት፣ የፓምፑን ድካም ጨምሮ፣ 340 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ፓምፑ ፀሐይ ባለችበት ቀን ብቻ ሠርቶ ከፍ ያለ ታንከር ይሙላ፤ ሌሊት ውኃው በራሱ ይወርዳል። ለዚህ ባትሪ አያስፈልግም፤ ታንከሩ ራሱ ኃይሉን አስቀምጦታል። ወጪው ከሚገመተው ያነሰ ነው፤ ውኃ ለመቅዳት ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉ አርድእትም ያርፋሉ።

ስለ አተካከሉ ጥቂት እንበል። በኢየሩሳሌም ጣሪያ ላይ የምታዩት ሰሌዳ ወደ ደቡብ ሠላሳ ዲግሪ ያህል ያጋደለ ነው። ያንን አይታችሁ በሀገር ቤት እንዲሁ አታስደርጉ፤ በአክሱም፣ በላሊበላም ሆነ በአዲስ አበባ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ዲግሪ ይበቃል። በዮርዳኖስ ሸለቆ እንደሚሆነው ሙቀት ሲበዛ ሰሌዳ ይደክማል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቍጥር በየዲግሪው ከመቶ ሢሶ ያህል ያጣል። ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ሳይጣበቅ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከፍ ብሎ ይታሰር። አቧራውም በማለዳ ሰሌዳው ሳይግል ይጠረግ።

ለባትሪ ምትክ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። ከስጦታው አንድ ሦስተኛውን ሳይነኩ በገዳሙ ስም በባንክ ማስቀመጥ ያዋጣል፤ ከጉብኝት ወይም ከንብ ማነብ የሚገኝ ገቢ ካለ በየዓመቱ ይጨመርበት። ሰጪዎች የሚወዱት ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ ነው፤ ባትሪ ለመለወጥ የተሰጠ ገንዘብ ግን ማንም አይመርቅለትም። ቢሆንም ከሁለቱ የሚበልጠው የኋለኛው ነው ብለን እናምናለን።

በመጨረሻም ስለ ሻንጣችሁ። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም፤ ከ100 እስከ 160 ያለውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ትንንሾቹም ቢሆኑ ከእጅ ሻንጣ እንጂ ከሚጫነው ጋር አይገቡም። ስለዚህ ባትሪውንም ሰሌዳውንም አዲስ አበባ ግዙ፤ ከተበላሸም የሸጠው ሰው እዚያው ይገኛል። ከዚህ ይዛችሁ መሄድ የምትችሉት ቀላል ነገር ነው፤ ጥሩ አምፖሎች፣ የቮልት መለኪያ፣ የእርሳስ ባትሪ አሲድ መለኪያ። ተርባይን ላሰባችሁ ደግሞ በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያና አንድ ወፍራም ደብተር ውሰዱ። ለአንድ ንቁ ረድእ ስጡት፤ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ቆሞ የለካውን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይጻፍ። ደብተሩ ሲሞላ ተርባይን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን እንነጋገራለን።